የሽንት ኬቶን ስትሪፕ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለበት ቤት አይጥፋ

ወንድሜ አይነት 1 ስኳር አለበት እና ሐኪሙ ስኳሩ ከ240 mg/dL ሲያልፍ ወይ ሲያስመልሰው ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚያወጣው ነገር) ለኩ ስላሉን ነው ይሄን የሽንት መለኪያ ስትሪፕ ከፋርማሲ የገዛነው፣ በጣም ነው የወደድኩት። ጫፉን ሽንት ውስጥ ነከር አርጎ ማውጣት፣ የኛው 15 ሰከንድ ነው የሚለው፣ ከዛ ብልቃጡ ላይ ካለው ቀለም ጋር ማስተያየት ብቻ፣ ኬቶን ከሌለ ክሬም እንደሆነ ይቀራል ካለ ግን ሮዝ ይሆንና በበዛ ቁጥር ወደ ወይን ጠጅ ይጠቁራል። ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለሚያቅተው ስብ ያቃጥላል፣ ኬቶኑ የሚመጣው ከዛ ነው፣ ደሙን አሲድ ካደረገው ደግሞ ቀልድ የለውም ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ያልተመቸኝ ማታ በአምፖል ቀለሞቹን መለየት ይከብዳል፣ ደግሞ ሽንት የሚያሳየው ከሰዓታት በፊት የነበረውን ስለሆነ የደም ኬቶን መለኪያ ይሻላል ግን ዋጋው አይቀመስም። አንዱ ፋርማሲ የተከፈተ ብልቃጥ ሊሰጠን ነበር፣ በፍፁም እንዳትቀበሉ፣ እርጥበት ከገባው ስትሪፑ ይበላሻል። ግሉኮሜትሩንም (የደም ስኳር መለኪያውን) እንዳትተዉ፣ ይሄ ኬቶን እንጂ ስኳር አይለካም።