ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ላጠፋልኝ ወንድሜ

ይህን ጽሁፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ቆርጬ ተቀምጫለሁ። ማመስገን ያለብኝ ሰው አለ። ከቤት ሆናችሁ ለውጭ ድርጅት መሥራት የምትፈልጉም፣ ሪሞት ሥራ የሚባለውን ማለቴ ነው፣ እሱን ብታገኙት ደስ ይለኛል።

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንዱ ብሎክ ግራውንድ ላይ ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። በሩ ላይ «ሲቪ እንጽፋለን፣ ላሚኔት እናደርጋለን፣ ዲቪ እንሞላለን» ይላል። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ቤቱን ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

መነሻዬን ልንገራችሁ። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰኔ 2016 ላይ ሠራተኛ ሲቀነስ እኔም ተቀነስኩ። ልጄ ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። የባለቤቴ ደሞዝ ያው ነው፤ የዘይቱና የወተቱ ዋጋ ግን ያው አልሆነም። ሰፈር ውስጥ ወሬው ሁሉ በዶላር ስለሚከፈል ሥራ ሆነ።

የተበላሁት ያን ሰሞን ነው። ቴሌግራም ላይ «ሪሞት ሥራ እናስገባለን» የሚል ሰው አገኘሁ። የተዘጋጀ አካውንት እሰጥሻለሁ ብሎ ለምዝገባ 4,500 ብር አስላከኝ። ሦስት ቀን እያባበለ አቆየኝና ብሎክ አደረገኝ። ለባለቤቴ እስክነግረው ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ገንዘቡ የልጄ ነበር።

ጥቅምት 2017 ላይ ሲቪዬን ፕሪንት ላስደርግ ወደዚያች ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የዲቪ ሰሞን ስለነበር ሰው እስከ ደረጃው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ ፍላሼን ሰጠሁት። ፋይሉን ከፍቶ ዝም ብሎ አነበበው። ፕሪንት አላደረገውም።

«እህቴ፣ ይህን የት ልታስገቢው ነው?» አለኝ።

ለውጭ ሥራ ነው አልኩት።

«እንግዲያው አሁን ብር አታውጪበት። ሰው ቀለል ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ ተመለሽ።»

ተመለስኩ። ለካ እሱ ራሱ ሌሊት ሌሊት የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጠ ለውጭ ደንበኞች ይሠራል። የሚናገረውን ኖሮበት ነው የሚያውቀው።

ሲቪዬ ሦስት ገጽ ነበር። ፎቶዬ አለበት። የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሁሉም ተደርድሯል። እዚህ አገር ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጽፈው። ቀይ እስክሪብቶ አወጣና አንድ በአንድ ሰረዘው። ያን ጊዜ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። የአሜሪካ ቀጣሪዎች ፎቶና የግል ሁኔታ ሲቪ ላይ ማየት እንደማይፈልጉ፣ አድልዎ ተፈጸመ እንዳይባሉም እንደሚጠነቀቁ አስረዳኝ። «በጫና ውስጥ መሥራት እችላለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ሰረዘው። ሁሉም ሰው ይህን ስለሚጽፍ ማንም አያነበውም አለኝ።

ከዚያ ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ የምትከፍችው ምን ነበር? ወር ሲያልቅ ማን ነው የሚጮህብሽ? ስንት ቫውቸር ያልፍሻል? እነዚህን ጻፊ አለኝና የሌላ ሰው ወረቀት ወደ ማባዛት ሄደ። እኔ ጻፍኩ። የሦስት ባንክ ሒሳብ በየወሩ ማስታረቅ፣ ማለትም የባንኩን መግለጫ ከኛ መዝገብ ጋር ማመሳከር። በወር እስከ 400 ቫውቸር። የ60 ሠራተኛ ደሞዝና ጡረታ። የቫት ማሳወቂያ። አቅራቢዎች ጋር የሚደረግ ክርክር። ወረቀቱ ሞላ። ስድስት ዓመት የሠራሁትን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። እውነት ለመናገር እዚያው ወንበር ላይ እንባዬ መጣ። ሥራ ካጣሁ ጀምሮ ምንም የማልችል ሰው መስሎኝ ነበር።

ወረቀቱን አንብቦ የባንክ ማስታረቁን ወደ ላይ አወጣው። ቫቱን ወደ ታች አወረደው። አሜሪካ ውስጥ ቫት የለም፤ በየክፍለ ግዛቱ የሚለያይ የሽያጭ ታክስ ነው ያለው። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ግን የትም አገር አንድ ነው። ሦስቱ ገጽ አንድ ገጽ ሆነ።

ሒሳብ የተማራችሁ ይህችን ልብ በሏት። እኔ የማውቀው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ነው፤ እዚህ ያለ ብዙ ሒሳብ ሠራተኛ እሱን ነው የሚያውቀው። ውጭ ያሉት ትናንሽ ድርጅቶች የሚጠይቁት ደግሞ ኩዊክቡክስ ኦንላይን ወይም ዜሮ (Xero) የሚባለውን ሶፍትዌር ነው። እኔ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። እሱ ግን ኩዊክቡክስ ለሒሳብ ባለሙያዎች ነፃ ሥልጠናና ነፃ የብቃት ፈተና እንዳለው አሳየኝ። ዴቢትና ክሬዲት ያው ዴቢትና ክሬዲት ነው፤ የተለወጠው ቁልፉ ያለበት ቦታ ብቻ ነው አለኝ። ልጄ ከተኛች በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እያጠናሁ በሁለተኛው ወር አለፍኩ።

ሥራ መፈለጉን ሲያስተምረኝ ደግሞ መጀመሪያ ያስያዘኝ ነገር የቦታዋን መስመር ማንበብ ነው። ሊንክድኢን ላይ ሪሞት ተብሎ የወጣ ሥራ ሁሉ ለኛ ክፍት አይደለም። ብዙው ከሥር «አሜሪካ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ያለው» ይላል። ድርጅቱ በሌላ አገር ሰው በቋሚነት ሲቀጥር የዚያ አገር የሥራና የግብር ሕግ ስለሚመጣበት ነው። ለኛ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በኮንትራት የሚሠራው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከሃምሳ በላይ ቦታ አመልክቼ ነበር። ያ ሁሉ ሌሊት በከንቱ ሄደ።

የኮንትራት ሥራ የሚገኝበት አፕወርክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ አካውንት ስከፍት ስሜ አስቸገረኝ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ባንክ ያለው የአባቴ ስም አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ከፓስፖርቴ በአንድ ፊደል ይለያል። እኔ ንቄው ነበር። እሱ ግን አላሳለፈኝም። ፓስፖርትሽን ይዘሽ ባንክ ሂጂ፣ አስተካክለሽ ነይ ብሎ መለሰኝ። ኋላ ገንዘብ ማውጫ ፔዮኒር ስከፍት ነው የገባኝ። መታወቂያው፣ የፔዮኒሩ አካውንትና የባንኩ ስም ካልገጠሙ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል። ደብልዩ-8ቤን የሚባለውን ቅጽም አብረን ነው የሞላነው። አሜሪካዊ እንዳልሆንኩ የማረጋግጥበት የግብር ቅጽ ነው። መስመር በመስመር አነበበልኝና «አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ ሳይገባሽ እንዳትፈርሚ» አለኝ።

አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ «ሰዎች የተሠራ አካውንት እያከራዩ ነው፣ ልከራይ ይሆን?» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። በሌላ ሰው አካውንት መሥራት ክልክል ነው፣ በተያዘ ቀን ይዘጋል፣ የሠራሽበትም አብሮ ይሄዳል አለኝ። ደግሞ ሥራው የማን ነው ሊባል ነው? ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

አፕወርክ ላይ ለማመልከት ኮኔክትስ የሚባል ነጥብ ያስፈልጋል። አንዱ የሚሸጠው በ15 ሳንቲም ዶላር ነው፤ አንድ ማመልከቻ ብዙ ኮኔክትስ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በየሥራው ላይ መበተን አያዋጣም። ይህን ክፍያ የሚወስደው ድረ ገጹ ነው። አሠሪው ራሱ የምዝገባ፣ የሥልጠና ወይም የማስያዣ ብር ላኪ ካለ ግን ሌባ ነው። ውል ሳይፈረም ቴሌግራም ላይ እናውራ የሚልም እንዲሁ። ይህን ጥቂት ወር ቀድሜ ባውቀው ያ 4,500 ብር በእጄ ይቀር ነበር።

የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ሲበዛ ጥብቅ ነው። «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብዬ ስጀምር አስቆመኝ። የመጀመሪያዋ መስመር አሠሪው ስለጻፈው ችግር መሆን አለባት። አንዱ ማስታወቂያ የስምንት ወር የባንክ ሒሳብ ሳይታረቅ ተከማችቶብኛል ይል ነበር። እኔ ከየትኛው ወር እንደምጀምርና ምን ምን ሰነድ እንደምፈልግ በአምስት መስመር ጻፍኩ። መልስ የመጣልኝ ከዚያ ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ አፕወርክ ላይ 40 ማመልከቻ ልኬ ነበር፤ አብዛኛው ዝም ነው።

ኢንተርቪው ተቀጠረልኝ። ማክሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017፣ በኒውዮርክ ሰዓት ከጠዋቱ 10 ሰዓት። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው ብዬ አሰላሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሬን ስከፍት ኢሜይል ጠበቀኝ። «ጠብቀንሽ ነበር» ይላል። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እሁድ ዕለት አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት አዙረዋል። እኛ ሰዓት አናዞርም። በክረምታቸው ከኒውዮርክ የምንለየው በ8 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው በ7። የኔ ቀጠሮ 11 ሰዓት ነበር።

እየሮጥኩ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረድኩ። ምን ሆንሽ ብሎ አስቀመጠኝ። መብራት ጠፋብኝ፣ ኔትወርክ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር። አይሆንም አለ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አጻፈኝ። ሰዓቱን ተሳስቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሙስ በዚያው ሰዓት ዝግጁ ነኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ፤ ሐሙስ እንገናኝ አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት እኛ ብሎክ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ላይ ቤት ያሉት ቡና በሙቀጫ ይወቅጣሉ፣ ልጄም ታለቅሳለች። «እዚሁ ነይ» አለኝ። ከወረቀት ካርቶኖቹ ኋላ ትንሽ ቦታ አለችው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም በሁለት ስልክ አዘጋጅቷል፣ አንዱ ቢቆም በሌላው እንድቀጥል። ከጀርባዬ ነጭ አንሶላ ወጠረ። 11 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጠፋው። እንደ ጠዋቱ ወረፋ ባይኖርም ከትምህርት ቤትና ከቢሮ የሚመለስ ሰው ገባ ወጣ የሚልበት፣ ገንዘብ የሚያገኝበት ሰዓት ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ውጭ ቆመ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጣቱን ከንፈሩ ላይ እያደረገ ሲመልስ በመስታወቱ አየዋለሁ። አርባ ደቂቃ ቆመ። እኔ ውስጥ ስለ ባንክ ማስታረቅ አወራለሁ።

ሥራውን አገኘሁ። በሰዓት 6 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት ነበር የጀመርኩት። አፕወርክ ያኔ 10 በመቶ ይቆርጥ ነበር። ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ክፍያ ከፔዮኒር ወደ ባንኬ ሲገባ መጀመሪያ የደወልኩት ለባለቤቴ ነው፣ ቀጥሎ ለሱ። ዛሬም ከዚያው ሰው ጋር ነኝ፤ ክፍያውም ሰዓቱም ጨምሯል።

ያን ሁሉ ወራት የከፈልኩት የሲቪውን 300 ብርና የፕሪንቱን ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ደሞዜ ፖስታ ይዤ ሄድኩ። አልቀበልም አለ። ለሰፈሩ ተማሪዎች ወረቀት ግዢበት አለኝ፤ ሁለት ካርቶን ገዝቼ አመጣሁ።

ወደሱ ስትሄዱ ሥራ አስገባኝ አትበሉት። በናንተ ስም አያመለክትም፣ ያልሠራችሁትንም አይጽፍላችሁም። የተማራችሁትን ብቻ ሳይሆን የሠራችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ፓስፖርታችሁንና የባንክ ደብተራችሁን አትርሱ። ጠዋት ወረፋ አለ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትህን ያቆይልህ። ልጄ አሁን «ማሽን ያለው ጋሼ» ነው የምትልህ።

ምናልባት አመሻሽ ላይ ሄዳችሁ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እሱም ውጭ ቆሞ ብታገኙት ትንሽ ታገሱት። ውስጥ ኢንተርቪው ላይ ያለ ሰው አለ።