ዋስትናው ያላለቀ መኪና ዘይት፦ በ5,000 ወይስ በ10,000 ኪሎ ሜትር?

ከአዲስ መኪና ጋር የሚሰጠው የሰርቪስ ደብተር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሠንጠረዥ አለው። አንዱ ለመደበኛ አነዳድ ነው፤ በብዙ የቤንዚን መኪኖች ላይ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር ይላል። ሌላው ገጽ ገልጦ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ለከባድ አጠቃቀም የተጻፈ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ይላል። በሁለቱም ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ሻጭ አፉን ሞልቶ የሚናገረው የመጀመሪያውን ነው። ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ የሚመላለስ መኪና ግን የሚመደበው ሁለተኛው ውስጥ ነው። ደብተሩ ከባድ የሚለው ጭነትና ዳገትን ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር መንገድን፣ ሞተር ሳይጠፋ ቆሞ መጠበቅን፣ አቧራንና የታክሲ ሥራንም ይጨምራል።

ሁለቱን ለማወዳደር ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰዓት መመንዘር ይጠቅማል። መኪናው መብራት ላይ ሲቆም የሚያርፈው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻ ነው፤ ሞተሩና ዘይቱ ሥራ ላይ ናቸው። አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች አማካይ ፍጥነት የሚያሳይ ገጽ ዳሽቦርዳቸው ላይ አላቸው። ዜሮ አድርገው ለአንድ ወር ይተዉትና ያንብቡት። ቁጥሩ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሆነ 10,000 ኪሎ ሜትር ማለት 667 የሞተር ሰዓት ነው። በአማካይ 50 የሚነዳ ሰው ያንኑ 10,000 በ200 ሰዓት ይጨርሰዋል። የከተማው መኪና 5,000 ሲሞላው እንኳ 333 ሰዓት ሠርቷል፤ የአገር አቋራጩን 10,000 አልፎታል ማለት ነው።

10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር የሚያዋጣው ማንን ነው? አማካይ ፍጥነቱ ከ35 በላይ የሚሆንን፣ ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ሦስቴ በፍጥነት መንገዱ አዳማ የሚወርድን ሰው። በእንዲህ ያለ ጉዞ ዘይቱ በደንብ ይሞቃል፤ ውስጡ የገባው እርጥበትና ቤንዚንም ይተናል። ይህን የመረጠ ግን የዘይቱን ከፍታ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ማየት አለበት። ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ መለኪያውን ዘንግ መጥረግና ደግሞ መክተት ነው። ኮፓቸው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) 3 ሊትር ተኩል ብቻ የሚይዝ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የአንድ ሊትር መጉደል ቀላል ነገር አይደለም። የዘይቱ ከፍታ ከጨመረና ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ቤንዚን እየተቀላቀለበት ነውና ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ምክንያቱም እንዲጣራ ወደ ሻጩ ሰርቪስ ይወሰዳል።

5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ለመሀል ከተማ ነጂ የምንመርጠው ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ቢሮ ይደረሳል። ቤት በር ላይ 10 ደቂቃ አስነስቶ ማቆምም አይረዳም፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም በፋሻዎቹ (ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች) በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከውስጥ የተለጠፈ ክሬም መሳይ ነገር ካዩ እርጥበቱ አልወጣም ማለት ነው። እየቆየ ዝቃጭ ይሆንና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል፤ ግፊት ሲወርድ ቀድመው የሚጎዱት የታይሚንግ ሰንሰለቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያናብበው) እና፣ ካለው፣ ተርቦው (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) ናቸው። ዋስትና ሲጠየቅ ቴክኒሻኑ ክዳን ከፍቶ ዝቃጭ ካየ፣ «ደብተሩ ለከባድ አጠቃቀም 5,000 ይላል» ብሎ መመለስ አይከብደውም።

ወጪውስ? በዓመት 9,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ6 ወሩ ሁለቴ ይቀይራል፤ በ12 ወሩ አንዴ። ልዩነቱ በዓመት አንድ ባለ 4 ሊትር ጋሎን፣ አንድ ፊልትሮና የእጅ ዋጋ ነው። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ሞተሩ የተበላሸበት ሰው «ሽጬ ሌላ አዲስ እገዛለሁ» ማለትም እንደ ድሮው አይቀለውም።

3,000 የሚሉም አሉ። ይህ ከድሮው ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ) ዘይት የተረፈ ልማድ ነው፤ ለሲንተቲክ (በፋብሪካ ለተቀነባበረ) ዘይት ገንዘብ ማባከን ነው። የባሰው ከምክሩ ጋር ተያይዞ የሚመጣው «ወፍራም ይሻላል» ነው። ደብተሩ 0ደብልዩ-20 ወይም 5ደብልዩ-30 (የዘይት ውፍረት መለያ ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ዘይቱ ይወፍራል) ለሚል ሞተር 20ደብልዩ-50 መጨመር ጠዋት ሲነሳ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ያዘገያል፤ የዋስትና ጥያቄንም ለክርክር ይከፍታል። ጋሎኑ ላይ ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን የጥራት ደረጃውንም ያንብቡ፤ ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ኤስፒ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ የቤንዚን ሞተር ደረጃ ነው፣ ደብተሩ ከእሱ በፊት የነበረውን ኤስኤን ለሚልም ይሆናል።

የት ይቀየር የሚለው ከስንት ኪሎ ሜትር ባልተናነሰ ያጨቃጭቃል። ሻጩ በየ10,000 ብቻ የሚጠራ ከሆነና የመሀሉን፣ ማለትም የ5,000ውን፣ ላቫጆ ወይም ሰፈር ጋራዥ ማስቀየር ካሰቡ፣ መጀመሪያ ውሉን ያንብቡ፤ «በተፈቀደ ሰርቪስ ብቻ» የሚል ካለ የመሀሉም እዚያው ይሁን። ካልከለከለ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። ፊልትሮው ኦሪጅናል ይሁን፤ ጋሎኑ ዓይንዎ እያየ ይከፈት፣ ማሸጊያ ቀለበቱ ያልተነካ ይሁን። ባዶውን ጋሎን ወግተው ይጣሉት፣ ተመልሶ እንዳይሞላ።

ደረሰኙ ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ዓይነትና የሊትሩ መጠን ይጻፍ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢሆን ይመረጣል፤ ዋስትናው በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ጋራዡ በእኛ ከሞላው፣ 2017 የተባለው ዓመት ለክርክር በር ይከፍታል። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ዕለቱኑ ፎቶ ያንሱት።

ሲቀየር ቆመው የሚያዩ ከሆነ ሁለት ቦታ ላይ ያተኩሩ። የማፍሰሻ ቡሎኑ ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባው ቀለበት) በአዲስ ይተካ፤ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ቡሎኑን ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልጉት፣ በረጅም ቁልፍ ከተጎተተ የአሉሚኒየም ኮፓ ጥርስ ይበላል። ሁለተኛው የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ነው፤ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አዲሱ በላዩ ሲታሰር ሁለቱ ጎሚኒዎች ይንሸራተቱና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈሳል። የወጣውን ፊልትሮ ገልብጠው ጎሚኒው አብሮ መምጣቱን ይዩ። አዲሱ በእጅ ብቻ ይታሰራል፤ ጎሚኒው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ 2 ደቂቃ ይሥራ፤ ከመውጣትዎ በፊትም ጎንበስ ብለው ከሥር በባትሪ ይዩ።