ኒዮ ጂኦ ቤት ገባ፣ ደሞዝ ወጣ

መጀመሪያ ዋጋውን ልናገርና ይውጣልኝ። ለጌም ኮንሶሉ፣ ለሁለት ጆይስቲክና ለሦስት የጌም ካሴት የከፈልኩት ብር የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ያውም አዲስ አይደለም፤ ሰው ተጫውቶበት የሰለቸው የሠላሳ ምናምን ዓመት ዕቃ ነው። ባለቤቴ ካርቶኑን ስከፍት መጣችና "አንተ፣ ምን የሚሠራ ነው ይሄ?" አለችኝ። "ጌም" አልኳት። "ሌላስ?" ሌላ የለም። ዲቪዲ አያጫውት፣ ኢንተርኔት አይገባ። ጌም ብቻ።

ለማያውቀው፣ ኒዮ ጂኦ ኤኢኤስ የኦሳካው ኤስኤንኬ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ኮንሶል ነው። በፈረንጆቹ 1990 ኩባንያው ኤምቪኤስ የሚባል የአርኬድ ማሽን አወጣ፤ ቆመህ ሳንቲም እየጨመርክ የምትጫወትበት ትልቁ ሳጥን ማለት ነው። ኤኢኤስ ደግሞ የዚያው ማሽን የቤት ወንድም ነው። ሆድ ዕቃቸው አንድ ነው። ያኔ ሌሎቹ ኮንሶሎች "የአርኬዱ ጌም ቤትህ መጣ" ሲሉህ አስመስለው የሠሩትን፣ እዚህም እዚያም የከረከሙትን ነበር የሚሸጡልህ። እዚህ ግን ፕሮሰሰሩ ያው 12 ሜጋኸርዝ ሞቶሮላ 68000፣ የድምፅ ቺፑ ያው፣ ካሴቱ ውስጥ ያለው ጌምም ያው። የካሴቱ ቅርጽና መሰኪያው ነው የሚለየው፣ አንዱ ሌላው ላይ እንዳይገጥም።

ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ የሚከራይ ዕቃ ነበር፤ ይሄንን ማን ገንዘቡን አውጥቶ ይገዛል ብለው። ኋላ ሰው ካልገዛን ሲል ለሽያጭ አቀረቡት። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ጌም ያለው ጎልድ የሚባለው ጥቅል 650 ዶላር ነበር። በ1991 ሱፐር ኔንቲዶ የሚባለው ሌላው ኮንሶል እዚያው አሜሪካ ሲወጣ 199 ዶላር ነው። እንግዲህ አስላው፤ በአንዱ ኒዮ ጂኦ ሦስት ሱፐር ኔንቲዶ ትገዛና የምሳ ይተርፍሃል። ካሴቱስ? አንዱ ወደ 200 ዶላር። አዎ፣ አንድ ጌም የአንድ ኮንሶል ዋጋ።

ዝም ብሎ ዘረፋ እንዳይመስልህ፣ ምክንያት አለው። በ1992 የወጣው አርት ኦፍ ፋይቲንግ የሚባለው የኒዮ ጂኦ ጌም መጠኑ 102 ሜጋቢት ነው። በዚያው ዓመት ሱፐር ኔንቲዶ ላይ ሰው ሁሉ ያበደለት ስትሪት ፋይተር 2 ደግሞ 16 ሜጋቢት። ያኔ የሜሞሪ ቺፕ ውድ ነበር፣ ካሴቱ ደግሞ እስከ አፉ ቺፕ ነው። በእጅህ ስትይዘው የቪዲዮ ካሴት ያክላል፤ ክብደቱም ገንዘብህ የት እንደገባ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ሳሙራይ ሾዳውንን ከፈትኩ፣ የ1993ቱን። ሁለቱ ሰይፈኞች ሲራራቁ ካሜራው ወደኋላ ይሸሻል፣ ሲቀራረቡ ተመልሶ ይመጣና ሃኦማሩ የሚባለው ሰይፈኛ ስክሪኑን ይሞላዋል። ነገሩ የሚገርመው ማሽኑ ስዕልን ማሳነስ እንጂ ማሳደግ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያውኑ በትልቁ ተስሎ ካሴቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲርቅ የሚያንሰው እሱ ነው። ሱፐር ኔንቲዶ ላይ ይህንኑ ጌም ሲያመጡት ካሜራውን ጭራሽ አስቀሩትና ሰዎቹ ሁሌም ትንንሽ ሆነው ቀሩ። ሴጋ ጄነሲስ የሚባለው ኮንሶል ላይ ደግሞ ግዙፉን ኧርዝኩዌክን ከነጭራሹ አወጡት። ቦታ ስላልበቃው ይሁን ሌላ፣ ብቻ ወፍራሙ ሰውዬ ቀረ። ይሄን ሁለቱንም ስላየሁ ነው የኒዮ ጂኦው ሲመጣ አፌን የከፈትኩት።

ጆይስቲኩን በተመለከተ ቃል የለኝም። ሰፊ ነው፣ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ትጫወታለህ፣ ዱላው አናት ላይ ኳስ አለው፣ ሲነካ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያቺ ጠቅታ የውስጧ ማብሪያ ማጥፊያ ናት፤ ጣትህ አዘዘ ወይ አላዘዘም የሚለውን ሳታይ በጆሮህ ታውቀዋለህ። አሁን ያሉት ጌምፓዶች ላይ ሳደርገው ግማሽ ጊዜ የሚያመልጠኝ ምት እዚህ አንዴም አላመለጠኝም። ችግሩ ማታ ነው። ጠቅ ጠቁ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ሕፃን ያለው ሰው ያስብበት።

ቅሬታዬን ልቀጥል። እነዚህ ጌሞች የተሠሩት ሳንቲም ለመብላት ነው። ቶሎ እንድትሞት፣ ተናደህ ሌላ ሳንቲም እንድትጨምር ነው የታሰበው። ሠፈር ጌም ቤት ያደገ ሰው ይገባዋል፤ በየጨዋታው ስትከፍል እያንዳንዷ ነፍስ ዋጋ አላት። ቤት ውስጥ ግን አንድ በተን ትጫናለህ፣ ትቀጥላለህ፣ ሳንቲም የሚባል ነገር የለም። ሜታል ስለግ የሚባለውን የተኩስ ጌም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ሳይፈላ ጨረስኩት። ግሩም ጌም ነው፣ ታንኩ እንኳ ሲንቀሳቀስ ይተነፍሳል፣ እሱን አልክድም። ግን አለቀ። በዚያ ብር የገዛሁት ጌም ቡና ሳይፈላ አለቀ! አሁን ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ፤ አንዴ ከሞትኩ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እንደዛ ሲሆን ጣዕሙ ሌላ ነው።

ደሞ ሁሉም እንከን የለሽ ነው ብለህ አትመን። ሜታል ስለግ 2 ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር ሲበዛበት ወገቡን እንደተያዘ ሰው ይንቀረፈፋል፣ ያውም በገዛ ማሽኑ ላይ። ለዚህ ነው በ1999 ሜታል ስለግ ኤክስ ብለው አስተካክለው ያወጡት።

የእህቴ ልጅ መጣና "አጎቴ፣ ሴቭ የሚደረገው የት ጋ ነው?" አለኝ። ሜሞሪ ካርዷን አሳየሁት፣ እንደ ባንክ ካርድ ያለች ነገር። ያኔ ቤት የጀመርከውን ጌም በዚህች ካርድ ይዘህ ሄደህ አርኬዱ ላይ ትቀጥል ነበር አልኩት፣ ካርዱን የሚቀበል ማሽን ካገኘህ። በ1990 ይሄ ተአምር ነው። ልጁ ግን አየት አደረጋትና "ባትሪ አላት?" አለ። አላት። ባትሪዋ ሲያልቅ ያስቀመጥከው ሁሉ ይጠፋል። "እና ለምን ገዛሃት?" አለ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ንዴቴ ልምጣ። ከሦስቱ ካሴቶች አንዱን ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት ሻጭ ነበር የገዛሁት፣ "ኦሪጅናል" ብሎኝ፣ የኦሪጅናል ዋጋ አስከፍሎኝ። ፎቶው ያምራል፣ ሽፋኑ ያምራል። አንድ ቀን ነገሩ ከነከነኝና ከፈትኩት። ውስጡ ሁለት ሰሌዳ አለ፤ እሱ ደህና፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ግን ቺፖቹ ላይ ትንንሽ ወረቀት ተለጥፏል። አንዷን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርጋት ከሥሯ መስኮት አየሁ፤ ሰው ቤቱ ሆኖ ጌም የሚጽፍበት ቺፕ ነው፣ ማለት ኮፒ። አንድ ሰማያዊ ሽቦም ከጥግ እስከ ጥግ በካውያ ተበይዷል። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ "ይሠራል አይደል?" አለኝ። ይሠራል። የሚያበሽቀኝም እሱ ነው፣ ሲጫወቱት ከኦሪጅናሉ አይለይም። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት የውስጡን ፎቶ ጠይቅ። ከለከለህ? ተወው።

ሌላ ደግሞ ቻርጀሩን ተጠንቀቅ። እንደተሠራበት ጊዜ 5 ቮልት የሚፈልግም 9 ቮልት የሚፈልግም ኮንሶል አለ። ሆዱ ሥር ተጽፏል፣ ገልብጠህ አንብበው፤ የተገኘውን ሰክተህ እንዳታቃጥለው። በቀጭኑ ቢጫ ገመድ አዲሱ ትልቅ ቲቪህ ላይ ብትሰካው ደግሞ ምስሉ ውሃ የነካው ፎቶ ይመስላል። እኔ ጎረቤቴ ሊጥለው ያወጣውን ባለ ጀርባ ቲቪ ለምኜ ወሰድኩ፤ ሁለት ሰው ነው ደረጃ ያወጣው፣ የአንዱ ወገብ እስካሁን ያመዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ግን ቀለሙ!

ካሴት ስትገዛ የጃፓኑን ፈልግ። ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካኑ ይረክሳል፣ ቋንቋውን የሚወስነውም ኮንሶሉ ነው፤ የአሜሪካ ኮንሶል ላይ ስትሰካው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ይመጣልሃል። የሲዲውን ኒዮ ጂኦ፣ የ1994ቱን፣ ርካሽ ነው ብሎ የሚመክርህ ሰው ካለ ጌሙ እስኪከፈት ድረስ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ፣ ብቻህን የምትጫወት ከሆነ አትግዛ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ትንሹ ኒዮ ጂኦ ሚኒ አርባ ጌም ይዞ በጣም በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ ወይም የአርኬዱን ሰሌዳ ለቤት አስተካክለው የሚሠሩ አሉ፣ የአርኬድ ካሴት ከቤቱ በብዙ ይረክሳል። አጠገብህ ተቀምጦ የሚሳደብ ጓደኛ ካለህ ግን ነገሩ ይለያል። ባለፈው እሑድ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ስንጫወት ባለቤቴ "እስቲ አንዴ" ብላ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳች። ሦስት ጊዜ አሸነፈችኝ። በተኑን ዝም ብላ ነው የምትወቅጠው። ጆይስቲኩ አሁን ሶፋው ላይ የሷ ቦታ ጋ ነው ያለው፣ ስለ ኪራዩም እስካሁን አላነሳችም።