የአንጎል ምስል ዳታችሁን የት ታስቀምጡት? ኤክስናት፣ ሎሪስ፣ ኦፕንኒውሮ ወይስ ፍላይዊል

ለምርምር የሚነሣ የኤምአርአይ ምስል መጀመሪያ የሚጠራቀመው የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ነው። ከዚያ ሃርድ ዲስክ ይገዛል። ከዚያ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ። አንድ ቀን የጥናቱ ኃላፊ «እስኪ የ17 ቁጥሯን ተሳታፊ ሁለተኛ ስካን አምጡልኝ» ሲሉ ሦስት ፎልደር ይወጣል። አንዱ «17 አዲስ»፣ አንዱ «17 የመጨረሻ»፣ ሌላው ዝም ብሎ «17» ይላል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል። «አርካይቭ ያስፈልገናል» የሚባለው ያኔ ነው።

እዚያ ላይ ለደረሳችሁ ነው የምጽፈው። በብዛት የሚነሡትን አራቱን የአንጎል ምስል ማስቀመጫዎች ጎን ለጎን አድርጌ አሳያችኋለሁ፤ ሦስቱ (ኤክስናት፣ ሎሪስና ኦፕንኒውሮ) በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ አንዱ (ፍላይዊል) ይከፈልበታል። ግን ሶፍትዌር ከማማረጣችሁ በፊት ምን እንደሚያስፈልጋችሁ በወረቀት ላይ አስፍሩ። ብዙ ቡድን ይህን ይዘለዋል። የሌላ ላብ ሰው «እኛ ኤክስናት ነው የምንጠቀመው» ሲል ይሰማል፣ እሱኑ ይተክላል፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁሉም ወደ ሃርድ ዲስኩ ተመልሶ ይገኛል።

መጀመሪያ የስምምነት ቅጹን አውጡ

ተሳታፊዎቻችሁ የፈረሙበት ቅጽ ምን ይላል? ቃል በቃል አንብቡት። «መረጃዎ ከዚህ የጥናት ቡድን ውጪ ለማንም አይሰጥም» የሚል መስመር ካለው ኦፕንኒውሮ ከጅምሩ ከዝርዝሩ ወጣ። እዚያ የሚገባ ዳታ ሲሲ ዜሮ በሚባለው ፈቃድ ለሕዝብ የሚለቀቅ ነው። ማንም፣ የትም ሆኖ፣ ለፈለገው ነገር ይጠቀምበታል። ከመለቀቁ በፊት ለጊዜው ዝግ አድርጎ ማቆየት ይቻላል፤ ግን ቢበዛ ለ36 ወር ነው። ሰው ካወረደው በኋላ መልሱልኝ ማለት የለም።

ክላውድ ላይ የሚሠራው ፍላይዊል ጋ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሰርቨሩ የት አገር ነው ያለው? ዳታው የተሰበሰበው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መካከል መድቦታል፤ ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍም የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ስለዚህ ሻጩን «ዳታችን በአካል የሚያርፈው የት ነው? ባክአፑስ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ የተሰጠ መልስ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አይቆምም። ኤክስናትና ሎሪስ የሚተከሉት በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ስለሆነ በዚህ በኩል ቀለል ይላሉ። የአሜሪካው የአእምሮ ጤና ተቋም (ኤንአይኤምኤች) ገንዘብ ሰጥቷችሁ ከሆነ ደግሞ ዳታውን ኤንዲኤ ወደሚባለው የእነሱ አርካይቭ ማስገባት ግዴታ ሊሆን ይችላልና ውላችሁን አንብቡ። ያ ግን የዕለት ተዕለት መሥሪያችሁን አይተካም።

እዚሁ ላይ ስለ ፊት ልናገር፤ ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋልና። ስምና የልደት ቀን ስለተፋቀ ብቻ ምስሉ ማንነት የሌለው አይሆንም። የጭንቅላት ኤምአርአይ አፍንጫውንም፣ አገጩንም፣ ዓይኑንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ በሦስት አቅጣጫ ሲገጣጠም ፊት ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት የ84 ሰዎችን ኤምአርአይ በመደበኛ የፊት መለያ ሶፍትዌር ከፎቷቸው ጋር ሲያስተያይ ሰባዎቹን በትክክል ለይቷል። 83 በመቶ ማለት ነው። እንግዲህ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ምስል ሁሉ ፊቱ መፋቅ አለበት። ኦፕንኒውሮ ከማስገባታችሁ በፊት ፍቃችሁ እንድትመጡ ይጠብቃል። ኤክስናት ዳይኮም በሚባለው የስካነር ፋይል ውስጥ ያለውን ስምና ቀን ገና ሲገባ በራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል፤ ፊቱን ለመፋቅ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ማያያዝ አለባችሁ። ፍላይዊልም ላይ ልክ እንደዚሁ የሚሠራ መሣሪያ መርጣችሁ ታያይዛላችሁ።

ዳታው የሚወለደው የት ነው?

ኤክስናትና ሎሪስ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁለቱንም «የአንጎል ምስል ዳታቤዝ» ብሎ አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። የተወለዱበት ችግር ግን የተለያየ ነው።

ኤክስናት ሴንት ሉዊስ ካለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ከስካነሩ ይጀምራል። የማሽኑ ባለሙያ ምስሉን አንስታ ስትጨርስ ልክ ወደ ሆስፒታሉ የምስል ማከማቻ (ፓክስ) እንደምትልከው ወደ ኤክስናትም ትልከዋለች። ምስሉ መጀመሪያ ማቆያ ቦታ ላይ ያርፋል። ሰው አይቶ «አዎ፣ ይሄ የዚህ ጥናት የ17 ቁጥሯ ናት» ሲል ወደ ዋናው ይገባል። ይህች ማቆያ ትንሽ ነገር ትመስላለች። በተግባር ግን የተሳሳተ ቁጥር የሚያዘው እዚያ ነው፤ ለእኔ የኤክስናት ትልቁ ጥቅም እሷ ናት። የሚደክመው መጠይቅ ላይ ነው። ቅጽ መሥራት ይቻላል፣ ግን የድብርት መጠይቅ፣ የማስታወስ ፈተና፣ የቤተሰብ ታሪክ እያላችሁ አርባ ቅጽ ካላችሁ ትለፋላችሁ። ብዙ ቡድን ለዚህ ሬድካፕ የሚባለውን የመጠይቅ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ከጎኑ ያደርጋል። ያኔ ሁለት ሲስተም፣ ሁለት የተሳታፊ ዝርዝር ይኖራችኋል፤ የሁለቱን ቁጥሮች የሚያናብብ ሰው መመደብ አለባችሁ።

ሎሪስ ከሞንትሪያል ነው፣ ከማክጊል። መነሻው የሕፃናትን አንጎል እድገት በብዙ ማእከላት እየደጋገመ የሚከታተል ጥናት ነበር። ያ ታሪኩ በሁሉም ነገሩ ላይ ይታያል። ከሰውየው ይጀምራል። ሰው ይመዘገባል፣ ቀጠሮዎቹ ይደረደራሉ፤ በየቀጠሮው የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ፣ የትኛው ምስል እንደሚነሣ አስቀድሞ ይወሰናል። አንድን ቅጽ ሁለት ሰው ለየብቻ አስገብቶት ልዩነታቸውን ሲስተሙ ራሱ ያወጣዋል። በወረቀት የሚሰበስብ ጥናት ላይ ይህ ወርቅ ነው። በሌላ በኩል ሎሪስ ግትር ነው። ምስሉ ሲገባ የታካሚ ስም በሚለው ቦታ ላይ የጥናቱን መለያ፣ ሎሪስ የሰጠውን ቁጥርና የቀጠሮውን ስም በተወሰነው ቅርጽ ይፈልጋል። የማሽኑ ባለሙያ አንድ ፊደል ከሳተች ምስሉ አይገባም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያርማል።

ኦፕንኒውሮን ከእነዚህ ጋር እኩል ማወዳደር ራሱ ትንሽ ያስቸግራል። የስታንፎርዱ ኦፕንኒውሮ ያለቀለት ዳታ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው እንጂ እየሠራችሁ የምትኖሩበት ቤት አይደለም። ጥሬ ዳይኮም አይቀበልም። ፋይሎቹ ቢድስ በሚባለው ሥርዓት ተሰይመውና ተደርድረው መምጣት አለባቸው፤ ስሕተት ካለ ፈታሹ ፕሮግራም ይመልሳችኋል። ክፍያ የለውም። ሳይንስን ለሌላው ማካፈል ከልባችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የእኔ ምክር ኦፕንኒውሮን ባትመርጡትም ቢድስን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ተጠቀሙበት ነው፤ ነገ የትም ብትሄዱ ያሻግራችኋል።

ፍላይዊል ደግሞ ድርጅት ነው። ከስካነሩ ይቀበላል፣ ወደ ቢድስ ይቀይራል፣ ትንተናውንም እዚያው ክላውድ ላይ ያስኬዳል፤ ሲበላሽ የምትደውሉለት ሰው አለ። ብዙ ስካነር ላለውና በጀቱ ለደላ ተቋም ያመቻል። ግን ጥናታችሁ የሦስት ዓመት ገንዘብ ብቻ ከሆነ ያለው፣ በአራተኛው ዓመት ማን ይከፍላል?

የልደት ቀንና የአባት ስም

ይህኛው በየትኛውም የሶፍትዌር ገጽ ላይ አይጻፍም፤ ከኢትዮጵያ ተሳታፊዎች ጋር የሚሠራ ሁሉ ግን ይገጥመዋል። አራቱም ሲስተሞች የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ተሳታፊው «መስከረም 5 ቀን 1990 ነው የተወለድኩት» ይላል። በፈረንጁ ሴፕቴምበር 15፣ 1997 ነው። ጸሐፊዋ 1990ን እንዳለ ካስገባችው ሰውየው በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አረጀ። ዕድሜ ደግሞ ለአንጎል ምስል ትንተና ዋና ነገር ነው፤ የአንጎል ውፍረትም ይዘቱም ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። ሰባት ዓመት የተሳሳተበት ሰው የትንተናችሁን መስመር ይጎትታል፣ ማንም አያየውም።

ሌላም አለ። «የካቲት 30» የተባለን ልደት ፌብሩዋሪ 30 ብላ ልታስገባ ስትል ሲስተሙ እምቢ ይላል። ሰልፍ አለ፣ ሰው ቆሟል። 28 ብላ ታልፋለች። ጳጉሜን የተወለደማ ወሩንም አያገኘው። ስለዚህ ከፍላጎታችሁ ውስጥ ይህን ጻፉ፦ የልደት ቀን ሁለት ቦታ ይኑረው፤ አንዱ ሰውየው እንደተናገረው በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው የተቀየረው። ሎሪስና ሬድካፕ ላይ ይህን ተጨማሪ ቦታ መሥራት ቀላል ነው። ኤክስናትም ላይ ይቻላል፣ ማሽኑ ላይ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ለማሽኑ ባለሙያ የተቀየረውን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት።

ስምም እንደዚሁ ነው። ዳይኮም የቤተሰብ ስም ቀድሞ፣ የራስ ስም ተከትሎ ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም። አንዱ ማሽን ላይ የአባት ስም ይቀድማል፣ ሌላው ላይ የራስ። ፀሐይ የምትባል ተሳታፊ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ልትገባ ትችላለች፣ ያኔ ሦስት ሰው ትሆናለች። መድኃኒቱ ስም ጭራሽ አለማስገባት ነው። ማሽኑ ላይ የጥናት ቁጥር ብቻ ይግባ፤ ስምና ቁጥር የሚገናኙበት ዝርዝር ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ።

ስንት ቦታ፣ ስንት ብር

መጠኑን በግምት አትናገሩ፣ አስሉት። አንድ መደበኛ የአንጎል ቅርጽ ምስል 256 በ256 በ176 ነው እንበል፤ በነጥብ 2 ባይት ሲሆን 23 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ምንም ማለት አይደለም። ፈጣኑ የኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ የሚከታተል ምስል) ዓይነት ግን፣ 104 በ90 በ72 ሆኖ 1,200 ጊዜ ሲነሣ፣ አንዱ ዙር ብቻ 1.6 ጊጋባይት ነው። አራት ዙር ለ100 ሰው፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሲመጣ 1.3 ቴራባይት ይሆናል። የትንተናው ውጤት ይጨመርበታል፣ እሱ ከጥሬው ሊበልጥ ይችላል። ባክአፕ ደግሞ ሁሉንም በሁለት ያበዛዋል። ክላውድ ለመረጠ ሌላ ስሌት አለ፤ 1.3 ቴራባይት በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ሲላክ ሳይቋረጥ ሌት ተቀን 12 ቀን ይፈጃል። መብራት ሳይሄድ።

ኤክስናትና ሎሪስ ነጻ ናቸው ሲባል የፈቃድ ክፍያ የላቸውም ማለት ነው። ሰርቨሩ፣ ዲስኩ፣ ዩፒኤሱና ሊኑክስ የሚያውቀው ሰው ደመወዝ የእናንተ ነው። ያ ሰው ከሌላችሁ እውነቱን ተነጋገሩ። አንድ ስካነር፣ አንድ ጥናት፣ ከ50 በታች ተሳታፊ ከሆነ ሁለቱንም አትትከሉ፤ በቢድስ የተደራጀ፣ በየሌሊቱ ባክአፕ የሚሠራለት የተቋማችሁ ሰርቨርና አንድ ሬድካፕ ይበቃችኋል። ብዙ ጥናት የሚጋራው ስካነር ካላችሁ ኤክስናት። ተሳታፊዎችን ለዓመታት በብዙ ቦታ የምትከታተሉ፣ ቅጹ ከምስሉ የሚበዛባችሁ ከሆነ ሎሪስ፤ እኔ ብሆን እዚህ ላይ አላመነታም። ፍላይዊልን የምመክረው ተቋሙ ራሱ ከመደበኛ በጀቱ ሲከፍል ብቻ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት በሦስት ሰው ሞክሩት

ሻጭም ይሁን የኮምፒውተር ክፍል፣ ማሳያ ሲያሳያችሁ ሁልጊዜ ንጹሕ ዳታ ነው የሚያሳየው። እናንተ ሦስት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ምንም ችግር የሌለበት ይሁን። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ የመጣና በሁለተኛው ቀን ስካኑ መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና የተነሣ ይሁን፤ የተበላሸውና ደህናው ተለይተው እንደሚታዩ ተመልከቱ። ከዚያ ሁሉንም መልሳችሁ አውጡት። ፋይሉም፣ ቅጹም፣ የሁለቱ ግንኙነትም ተሟልቶ ካልወጣ ነገ መልቀቅ አትችሉም ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ጥናቱን ያቋረጠች ትሁን። ሰርዟት። ከዚያ ባክአፑን ክፈቱ። የተማሪዎቹን የትንተና ፎልደር ክፈቱ። እኔ በነበርኩበት አንድ ጥናት ላይ አንዲት ተሳታፊ ሐሳቧን ቀይራ «ምስሌን አጥፉልኝ» አለችን። ከአርካይቩ አጠፋናት፣ ደብዳቤም ጻፍንላት። ከስምንት ወር በኋላ ኮሪደር ላይ የተለጠፈ ፖስተር ላይ የአንጎሏን ምስል አየሁት። ከሥሩ የእሷ ቁጥር ተጽፏል። ተማሪው ከመሰረዟ በፊት አውርዶት ኖሯል፤ ማንም አልነገረውም፣ ለማን መንገር እንዳለብንም አናውቅም ነበር። ፖስተሩን በእጄ ነው ያወረድኩት። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው የፍላጎት ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው፦ «አንድ ተሳታፊ ሲወጣ፣ ምስሉን ያወረደ ሰው ሁሉ ስም ከነቀኑ በአንድ ዝርዝር ይውጣልን።»