ለኤክስሬይ ማይክሮስኮፕ የቱን እንግዛ? የቤሪሊየም ሌንስ ወይስ ዞን ፕሌት

በሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በማሽከርከር ብርቱ ኤክስሬይ በሚያመነጭ ማሽን) ጣቢያ ላይ ማይክሮስኮፕ የሚተክል ቡድን አስቀድሞ ሁለት ነገር ይወስን፦ በስንት ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት (ኪ.ኤ.ቮ፣ የጨረሩ ኃይል መለኪያ) እንደሚሠራና በናሙናውና በሌንሱ መካከል ስንት ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ እንደሚፈልግ። ሻጮች ፊት ለፊት የሚጽፉት የናኖሜትር ቁጥር፣ ማለትም ሌንሱ ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ዝርዝር፣ ከእነዚህ በኋላ ይታያል።

ዞን ፕሌት ጨረሩን በማጠፍ የሚያተኩሩ በወርቅ የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ቀለበቶች ያሉት ስስ ገበታ ነው። ዲያሜትሩ 100 ማይክሮሜትር፣ የመጨረሻው ቀለበት ስፋት 50 ናኖሜትር ከሆነ በ10 ኪ.ኤ.ቮ የትኩረት ርቀቱ 40 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ እስከ 60 ናኖሜትር ይለያል። 10 ጊዜ ለማጉላት ናሙናው 44 ሚሊሜትር፣ ካሜራው 44 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ነገር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። እስከ 10 ኪ.ኤ.ቮ ድረስ ለምትሠሩ ሌላ አትፈልጉ። ችግሩ ኃይሉ ሲጨምር ነው። ቀለበቱ ጨረሩን በደንብ እንዲያጥፍ በ10 ኪ.ኤ.ቮ ወደ 2፣ በ20 ደግሞ ወደ 4 ማይክሮሜትር ቁመት ያስፈልገዋል። 50 ናኖሜትር ስፋት ላይ 4 ማይክሮሜትር ማቆም ማለት ቁመቱ የስፋቱ 80 እጥፍ ነው፤ በሥራ ላይ ይዘምማል ወይም ይወድቃል። አሳጥረው ቢሠሩት አብዛኛው ጨረር ሳይታጠፍ ያልፋል።

ጨረር ሰባሪው ሌንስ፣ ማለትም የቤሪሊየሙ፣ ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ግሬኖብል (ፈረንሳይ) ውስጥ በአልሙኒየም ላይ በተቦረቦሩ ተከታታይ ቀዳዳዎች ተጀመረ፤ ዛሬ የሚሸጠው ከሁለቱም በኩል በፓራቦላ ቅርጽ የጎደጎደ፣ መሐሉ 30 ማይክሮሜትር ያህል የሳሳ የቤሪሊየም ቁራጭ ነው። ኤክስሬይ በቁስ ውስጥ የሚሰበረው በጣም ጥቂት ስለሆነ በርካታ ሌንሶች ይደረደራሉ። በ20 ኪ.ኤ.ቮ የጫፍ ራዲየሳቸው (የፓራቦላው ጫፍ የጥምዘት ራዲየስ) 50 ማይክሮሜትር የሆኑ 70 ሌንሶች 42 ሴንቲሜትር ላይ ያተኩራሉ። 10 ጊዜ ለማጉላት ናሙናው 46 ሴንቲሜትር ይርቃል። ምድጃ ወይም የመጎተቻ መሣሪያ በምቾት ይገባል፤ ብረት ሲሞቅ የሚመረምሩ ሰዎች ይህን ሌንስ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ዋጋው ግን ካሜራው 4.6 ሜትር ርቆ መቆሙ ነው። ክፍላችሁን ሳትለኩ አትዘዙ። የማጥራት አቅሙም አብዛኛውን ጊዜ 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው።

42 ሴንቲሜትሩ የቀጭን ሌንስ ስሌት፣ ማለትም የድርድሩን ርዝመት የማይቆጥር ስሌት፣ ውጤት ነው። በ1.6 ሚሊሜትር ልዩነት የተደረደሩ 70 ሌንሶች 11.2 ሴንቲሜትር ይረዝማሉ፤ ከመጨረሻው ሌንስ ጀርባ ሲለካ ትኩረቱ 38 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ይህን ሳያሰሉ መደገፊያ ያሠሩ ሰዎች ምስሉን በከንቱ ይፈልጋሉ።

ርካሽ ነው ብሎ በ20 ኪ.ኤ.ቮ አልሙኒየም መግዛት ኪሳራ ነው። ለተመሳሳይ ትኩረት 44 ሌንስ ይበቃል፤ ነገር ግን በመሐሉ እንኳ የሚያልፈው ጨረር 29 በመቶ ብቻ ነው፣ በቤሪሊየም 92። አልሙኒየም ከ40 ኪ.ኤ.ቮ በላይ፣ ኒኬል ከ80 በላይ ይገዛ። የቤሪሊየሙም ቢሆን ጠርዙ ላይ ወደ 5 በመቶ ስለሚወርድ የምስሉ ዳር ይጨልማል።

የገጽ ሻካራነት አያስጨንቅ፤ የ1 ማይክሮሜትር ስህተት በ20 ኪ.ኤ.ቮ ሞገዱን የርዝመቱን 1/70 ያህል ብቻ ያዛባል። የሚያስፈራው ሁሉም ሌንስ በአንድ ማኅተም ስለሚጫን ተመሳሳይ ስህተት 70 ጊዜ መደመሩ ነው። ስትደረድሩ እያንዳንዱን በዘንጉ ዙሪያ በተለያየ ማዕዘን አዙሩት፤ ክብነቱን ያጣው ስህተት እርስ በርሱ ይካካሳል። ዙሪያውን እኩል የሆነውን የቅርጽ ስህተት ግን ማዞር አያስተካክለውም፤ የማስተካከያ ገበታ እንደሚሸጡ ጠይቁ።

ኃይል ሲቀየር የዞን ፕሌት ትኩረት ከኃይሉ ጋር በቀጥታ፣ የሌንሱ ግን በኃይሉ ካሬ ይርቃል። በሲሊከን ክሪስታል ወደ አንድ ኃይል የተጣራ ጨረር ለሁለቱም ይበቃል። ኃይሉ 1 በመቶ ስፋት ያለው ጨረር ግን የሌንሱን ትኩረት 8 ሚሊሜትር ስለሚያንሸራትተው ምስሉ ይደበዝዛል።

ቤሪሊየም ትናንሽ ክሪስታሎች ስላሉት ከበስተጀርባ ነጠብጣብ ይጥላል፤ የቤሪሊየሙን የጥራት ደረጃ በትዕዛዙ ላይ አስጽፉ። በብርቱ ጨረር ስር አየር ላይ ከዋለ ይኦክሳይዳል፤ በናይትሮጅን ወይም በቫኪዩም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ በፍጹም አይፋቅ፣ አይወልወል፤ ጉዳት ከደረሰበት ከነመያዣው ለሠሪው ይመለስ።