ጄረሚ ቶማስን ላመሰግን፣ ፊልሞቻቸውንም ልጠቁማችሁ

ፊልም አይተን ስንወጣ የምናመሰግነው ተዋናዩን ነው፤ ቢበዛ ዳይሬክተሩን። ገንዘቡን አሰባስቦ ፊልሙ እንዲሠራ የሚያደርገውን ፕሮዲውሰሩን ማን ያስታውሰዋል? እኔ ግን ዛሬ አንድ ፕሮዲውሰር ማመስገን አለብኝ። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቶማስን።

የተወለዱት በ1949 ለንደን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አባታቸውም አጎታቸውም በኮሜዲ ፊልሞች የታወቁ ዳይሬክተሮች ነበሩ። እሳቸው ግን በ1974 ሪከርድድ ፒክቸር ካምፓኒ የሚባል የራሳቸውን ድርጅት ከፍተው በሌላ መንገድ ሄዱ።

ሁሌም የሚገርመኝ የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የቤርናርዶ ቤርቶሉቺ «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» ነው። ቤጂንግ ድረስ ተሂዶ፣ የቻይና መንግሥት ፈቅዶ፣ ራሱ የንጉሦቹ ግቢ ውስጥ የተቀረጸ፣ 19,000 አጃቢ ተዋናይ የተሰለፈበት ፊልም። ይህን የሚያህል ሥራ ሲታይ ከጀርባው የሆሊውድ ስቱዲዮ ያለ ይመስላል አይደል? የለም። ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን ገንዘብ ከዚህም ከዚያም ያሰባሰቡት ጄረሚ ቶማስ ናቸው። ስቱዲዮ የሌለው ፕሮዲውሰር ኑሮው ይኸው ነው፤ ገና ያልተቀረጸ ፊልም ለየአገሩ አከፋፋይ ይሸጣል፣ ውሉን ይዞ ባንክ ይሄዳል፣ አንዱ ከቀረ ሁሉም ሊፈርስ ይችላል። ፊልሙ በ1988 ለ9 ኦስካር ታጭቶ 9ኙንም ወሰደ።

ከዚያ በኋላ የቀለለውን መምረጥ ይችሉ ነበር። አልመረጡም። በ1996 ከካናዳዊው ዳይሬክተር ከዴቪድ ክሮነንበርግ ጋር «ክራሽ»ን ሠሩ፤ የመኪና አደጋ የወሲብ ስሜታቸውን ስለሚቀሰቅሰው ሰዎች የሚተርክ ፊልም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሰው ተከፋፈለበት፣ የለንደኑ የዌስትሚኒስተር ምክር ቤትም በክልሉ እንዳይታይ ከለከለው።

እኔን ከልብ የሚነካኝ ግን ታማኝነታቸው ነው። ከቤርቶሉቺ ጋር 5 ፊልም። ከፖላንዳዊው ዳይሬክተር ዬዢ ስኮሊሞቭስኪ ጋር ደግሞ በ1978 «ዘ ሻውት»ን ሠርተው ካን ላይ ተሸለሙ። ከ44 ዓመት በኋላ፣ ስኮሊሞቭስኪ በ84 ዓመታቸው «ኢኦ»ን ይዘው ካን ሲመጡ፣ ከጎናቸው በኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰርነት የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ዳይሬክተር ሲያረጅ ስልኩን የማያነሳ ስንት ፕሮዲውሰር አለ!

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ጊዜ ካላችሁ «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት»ን እዩ፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ከተቻለ በትልቅ ስክሪን። ካልሆነ ከ«ኢኦ» ጀምሩ። የአንድ አህያ ታሪክ ነው። አህያ በየመንገዱ እያየን ላደግን ለእኛ ደግሞ የተለየ ነገር አለው፣ ዓይኑን ስታዩት ይገባችኋል።

ጋሽ ጄረሚ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።