ለማድያት የገዛሁት ሴረምና የሸጠልኝ መደብር

ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ የኮስሞቲክስ መደብር የገዛሁት፣ አልፋ አርቡቲንና የሊኮሪስ ሥር ንጥር ያለበት የፊት ሴረም በጉንጬ ላይ ለነበረው ማድያት ጠቅሞኛል፤ የመደብሩ አሻሻጥ ግን ዕቃውን አይመጥንም። ወጣቷ ሻጭ «እትዬ፣ በሳምንት ፊትዎን ወተት ያስመስለዋል» ብላ ነው የሰጠችኝ፤ ይህ ግን ከሴረሙ አሠራር ጋር ፈጽሞ አይሄድም።

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚመረተው ሜላኖሳይት በሚባሉ ሴሎች ውስጥ ሲሆን፣ ምርቱን የሚያስጀምረው ታይሮሲኔዝ የተባለ፣ መዳብ ያለበት ኢንዛይም ነው። አርቡቲን ኢንዛይሙ ወደ ሜላኒን ከሚለውጠው ታይሮሲን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር በቅርጽ ስለሚመሳሰል፣ በኢንዛይሙ ላይ ያለውን ቦታ ይሻማዋል። ከሊኮሪስ ሥር የሚገኘው ግላብሪዲንም ይህንኑ ኢንዛይም ያዳክማል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት፣ 0.5 በመቶ ግላብሪዲን የተቀባ የጊኒ ፒግ ቆዳ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታ መጥቆሩም መቅላቱም ቀንሶ ታይቷል። ሁለቱም አዲስ ቀለም እንዳይመረት ይገታሉ እንጂ ቀድሞ የተመረተውን አያጥቡም፤ እሱ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ጋር ቀስ በቀስ ይረግፋል፣ ሽፋኑ ለመታደስም አንድ ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በሳምንት አነጣለሁ የሚል ቅባት ካለ፣ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ እንዳለበት መጠርጠር ይገባል።

ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ማታ ማታ ስቀባው፣ በጉንጬ አጥንት ላይ የነበረው ጥቁረት ከጠርዙ መደብዘዝ የጀመረው ኅዳር ሲገባ ነው፤ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ያለው ግን እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ሴረሙ ቀጭን፣ ሽታ የሌለው ነው፤ አብዝተው ከቀቡት ግን ይጣበቃል፣ የነጠላ ጫፍም ይይዛል። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝርና የአልፋ አርቡቲኑ መጠን፣ 2 በመቶ፣ በግልጽ ተጽፎበታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ለፊት ቅባት የፈቀደው ጣሪያ ይኸው ነው።

የመደብሩ ትልቁ ጉድለት የጸሐይ መከላከያ አለመያዙ ነው። ስጠይቅ «እሱ ለፈረንጅ ነው» ተባልኩ። ማድያትን የሚያባብሰው ዋናው ነገር ጸሐይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል የሚጨምረው አልትራቫዮሌት እዚህ የዋዛ አይደለም። ማታ የተገታው ምርት ቀን ገበያ ውሎ በመምጣት ብቻ እንደገና ይቀሰቀሳል። እኔ መከላከያውን ከባሕር ዳር ፋርማሲ አስመጣሁ፤ ለቀሪው ግን፣ የጎጃም እናቶች ከእጃቸው የማይለዩት ጃንጥላ ይበቃኛል (በነገራችን ላይ፣ ከብዙ ቅባት ይሻላል)።

ሴረሙን እንድትገዙ እመክራለሁ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ግን አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ከጎኑ የተደረደሩትን፣ ምን እንዳለባቸው ያልተጻፈባቸውን የማንጫ ቅባቶች አትንኩ። ጠርሙሱንም በመስኮቱ በኩል ጸሐይ ሲመታው ከዋለው መደርደሪያ ሳይሆን፣ ከውስጥ ካርቶኑ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።